ተማሪዎቼን የማገኝበት መንገድ

ቤቴ አያት ነው፤ የማስተምረው ደግሞ ልደታ አካባቢ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ባልደረቦቼ የሚያነሡት ሲያማርሩ ብቻ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የጠዋቱ ወሬ ሁሉ ትራንስፖርት ነው፤ ማን ስንት ሰዓት ተሰለፈ፣ ማንን ታክሲው መንገድ ላይ አወረደው፣ የማን ጫማ ተረገጠ። ምሬታቸው እውነት ነው። እኔም እግሬ ያብጣል፤ እኔም አብዛኛውን ጊዜ የምሄደው ቆሜ ነው። ቢሆንም የጠዋቱን መንገድ እወደዋለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እያንዳንዳችን ወደየግቢያችን ገብተን ከመሰሎቻችን ጋር ብቻ እንውላለን፤ የባንኩ ሠራተኛ ከባንኩ ሠራተኛ፣ መምህሩ ከመምህሩ ጋር። ከተማዋ ሙሉ ሆና የምትገኘው ጠዋት መንገድ ላይ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

ጂኦግራፊ ስለማስተምር መሰለኝ፣ ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀኗ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም ብለን እናስተምራለን። እውነት ነው፤ ለተሰለፈ ሰው ግን ያ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ነው። በግንቦት መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ካለፈ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው፤ በጥር ግን እስከ 12፡45 ትዘገያለች። በአንድ ዓይነት ሰዓት ከቤት ወጥቼ በግንቦት የጎረቤቶቼን ፊት እያየሁ «እንዴት አደራችሁ» እላለሁ፤ በጥር የምለያቸው በድምፃቸው ነው። የጥር ጠዋት ብርድ አጥንት ድረስ የሚገባ ነው። ሰው አፉን በጋቢና በፎጣ ሸፍኖ ስለሚቆም ጨዋታ የለም፤ የሚሰማው ዳቦ የያዘ ፌስታል ሲንኮሻኮሽና የሚጠበቀው ባቡር ከሩቅ ሲመጣ ብቻ ነው።

ክፍል ውስጥ የምንጠቀምበት የመልክዓ ምድር ካርታ መስፈርቱ 1፡50,000 ነው። ካርታው ላይ ያለው አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የባቡር መስመር 17 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ካርታው ላይ ሲሰመር 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ተማሪዎቼ ከሚይዙት ማስመሪያ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይበልጣል። በየዓመቱ ይህን ስሌት ሰሌዳው ላይ አሠራቸዋለሁ፤ ከዚያም በእነዚያ 35 ሴንቲ ሜትሮች ውስጥ 22 ፌርማታ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትኬቱ ለአጭር ርቀት 2 ብር፣ ለረጅሙ 6 ብር ነበር፤ የሰፈራችን ሰው ደስታ ትዝ ይለኛል። ከመሐል ከተማ ተነሥተን ወደ ዳር ለወጣን ቤተሰቦች መሐሉን መልሶ የሰጠን ያ ባቡር ነው። ለሁለቱ መስመሮች ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል፤ ስለዚህ የሚመጣው ሁሉ ጢም ብሎ ነው የሚመጣው። እንዲህም ሆኖ ባይኖር ምን እንሆን ነበር እላለሁ።

ወሩን የማውቀው በነጠላ ነው። መስመራችን በሚካኤል፣ በዑራኤል፣ በእስጢፋኖስ፣ በልደታ በኩል ያልፋል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እስከ ልደታ ድረስ ባቡሩ በነጭ ይሞላል፤ በ12 ነጭ የለበሱት በጊዜ ሚካኤል ላይ ይወርዳሉ፤ በ17 እስጢፋኖስ፣ በ22 ዑራኤል። በሌላው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ስንደርስ አንዳንዱ በአንድ እጁ ብረቱን እንደያዘ ያማትባል፤ አንዳንዱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። በረመዳን ደግሞ ከሰሑር በኋላ እንቅልፍ ያልጠገቡ ልጃገረዶች ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ያንቀላፋሉ፤ የሚወርዱበት ሲደርስ አጠገባቸው የቆመው ሰው ቀስ ብሎ ይቀሰቅሳቸዋል። የት እንደሚወርዱ እንዴት እንዳወቀ አይገባኝም፤ ግን ያውቃል። አብሮ መመላለስ ያስተማረው ነው።

ከዓመቱ ጠዋቶች ሁሉ ለትምህርቴ የሚጠቅመኝ ኅዳር 12 ነው። የዚያን ቀን ከየሰፈሩ የሚነሣው የቆሻሻ ጭስ ተጋድሞ ይውላል፤ ከባቡሩ መስኮት በስተቀኝ ሁልጊዜ የሚታየኝ እንጦጦ ይጠፋል። ከሌሊቱ ቅዝቃዜ የተነሣ መሬቱ አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ጭሱ ወደ ላይ መውጣት እንደማይችል የዚያን ዕለት ክፍል ስገባ አስረዳለሁ፤ ልጆቹ አፍንጫቸው ምስክር ስለሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከመታው የኅዳር በሽታ መሆኑን ስነግራቸው ግን ዝም ይላሉ። ለጽዳት ብለን በየዓመቱ ከምንቀበለው ጭስ ይልቅ ቆሻሻውን የምንሰበስብበት ቀን ቢሆን እመርጣለሁ፤ የመታሰቢያው ነገር ግን እንዲረሳ አልፈልግም።

የፈተና ሰሞን ወረቀት የታጨቀበት ከረጢት ይዤ ነው የምሳፈረው። ገና እግሬን ሳላደላድል ከወንበር አንድ እጅ ይዘረጋል። «ያምጡት እናቴ፣ እኔ ልያዝልዎት።» የማላውቀው ሰው የአራት ክፍል ተማሪዎቼን ድካም ጭኑ ላይ አድርጎ ይሄዳል። እሱ ቀድሞኝ የሚወርድ ከሆነ አጠገቡ ለተቀመጠችው ሴት ያስተላልፍና በዓይኑ ይፈልገኛል፤ ከረጢቱ የት እንዳለ ማወቄን ሳያረጋግጥ አይወርድም። ታክሲ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ወንበር የተነሣ መቶ ብር በአራት እጅ አልፎ ረዳቱ ዘንድ ይደርሳል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ሳይጎድል ይመለሳል። ሕፃን የታቀፈች እናት ስትገባ ሕፃኑ እንግዳ ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ከተሜው ተለወጠ፣ ሰው ለሰው መተሳሰቡ ቀረ ሲባል በጣም የምቆጣው ለዚህ ነው። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቆመው ሄደው አያውቁም።

በመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ከሚሄዱት መካከል በጣም የማከብራቸው የምገባ እናቶችን ነው። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በ2012 ዓ.ም. በስፋት ከተጀመረ ወዲህ ቁርስና ምሳ የሚያበስሉት እነሱ ናቸው። ልጆቹ ሳይደርሱ ድስቱ መፍላት ስላለበት ከእኛ ከመምህራኑ ቀድመው ይወጣሉ። ወሬያቸው የሽንኩርት ዋጋ፣ የዘይት መዘግየት፣ የትኛው ክፍል ልጆች ፍርፍር እንደሚወዱና የትኞቹ ሩዝ ሲሆን እንደሚጨፍሩ ነው። አንዷ እናት ስለ ልጆቿ ብጠይቃት «የወለድኩት ሦስት ነው፣ የማበላው ግን አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ነው» አለችኝ። ዘጠነኛ ክፍል የሚደርሱልኝ ልጆች ዛሬ ጠዋት ላይ ራሳቸውን ዴስክ ላይ እንደማይጥሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ድሮ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያዞራቸው ነበሩ፤ ራበኝ ማለት ስለሚያሳፍራቸው «አመመኝ» ይሉ ነበር።

ባቡሩ ሲቆራረጥ መገናኛ ላይ ወርጄ ታክሲ እይዛለሁ። የአራት ኪሎው፣ የቦሌው፣ የገርጂው፣ የሜክሲኮው ሰልፍ በየአቅጣጫው ተዘርግቷል፤ አዲስ ሰው ቢመጣ የትኛው ሰልፍ የት እንደሚሄድ የሚነግረው ምልክት የለም። መጨረሻ ላይ የቆመውን ይጠይቃል፣ ያም ይነግረዋል፤ ከዚያ እሱ ራሱ መጨረሻ ይሆንና ለሚቀጥለው ይነግራል። ተራ አስከባሪው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ከጎን ሊገባ የሚሞክር ሲያይ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ ግን ማንም ሳያዝዘው ሰልፉ ራሱ ይከፈታል። በሐምሌ ዝናብ በአንድ ጃንጥላ ሦስት ሰው ይጠለላል፤ ውሃ እግር ሥር እየሄደም ቢሆን ተራውን የሚጥል የለም። ሰኞ ሰኞ የሰልፉ ወሬ እግር ኳስ ነው። አርሴናል ከተሸነፈ ወንዶቹ ታክሲው እስኪመጣ ድረስ ጥፋተኛውን ሲፈልጉ ያነጋሉ።

አንድ ጠዋት ተራዬ ደርሶ ልገባ ስል ረዳቱ በሩን እንደያዘ አፍጥጦ አየኝ። «ቲቸር!» አለ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ ዓይኑ ግን ያው ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ። ጋቢና የተቀመጠውን ጎልማሳ «ጋሼ፣ አስተማሪዬ ናቸው፣ ቦታውን ይልቀቁልኝ» ብሎ አስነሣው፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ተነሣ። «አይሆንም፣ ይቀመጡ» ብል የሚሰማኝ አልነበረም። ሒሳብ ስሰጠው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ቲቸር፣ እባክዎን ይህን አያድርጉብኝ» አለኝ። ብሩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ፤ እንዲህ ያለውን ክብር መመለስ እሱን ማዋረድ ነው። እስከ ሜክሲኮ ድረስ ከኋላዬ የሚመጣውን ድምፁን እየሰማሁ ሄድኩ፤ ለሚወርደው ሁሉ ምርቃት አለው፣ መልስ አያጎድልም፣ ሾፌሩን «በዚህ አትሂድ፣ ዛሬ ተቆፍሯል፣ በታች በኩል ዙር» እያለ ይመራል። ክፍል ውስጥ ካርታ ማንበብ አይችልም ነበር።

ያ ልጅ የተፈተነው የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠው ያን ጊዜ ነበር። ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ፈተናው ከስርቆት መጽዳቱን እደግፋለሁ፤ ውጤቱ የእኛን የመምህራኑን ሥራም ጭምር እንዳጋለጠ አምናለሁ። የተቀሩት ከ94 ከመቶ በላይ የሆኑት የት ገቡ የሚለውን ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማም። እኔ የት እንደገቡ አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ አገኛቸዋለሁ። መንገዱን የምወድበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ያለፉትን ልጆች ስም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነባለሁ፣ እነሱም ወደየዩኒቨርሲቲያቸው ይበተናሉ። ያላለፉት ከተማዋ ውስጥ ናቸው፤ ከተማዋን ከመኝታዋ የሚቀሰቅሷት እነሱ ናቸው።

አንዷ ስታዲየም አካባቢ ጀበና ዘርግታ ቡና ታፈላለች። ክፍል ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ዝምተኛ ነበረች፤ አሁን ደንበኞቿን በስማቸው እየጠራች ታጫውታቸዋለች፣ ማን በስኳር ማን በጨው እንደሚጠጣ አትስትም። ሌላው በሞተር ብስክሌት ዕቃ ያደርሳል፤ ቆም ሲል የራስ ቁሩን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። አንዱ የሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ሌሊቱን ያነጋል፤ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል፣ በር ላይ እንገናኛለን። ሁለቱ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር የእግረኛ መንገድ ድንጋይ አንጣፊዎች ሆነው ተቀጠሩ። ከባቡሩ ሆኜ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ አያቸው ነበር፤ ዛሬ እነሱ ያነጠፉት ላይ እሄዳለሁ።

ስለዚያ መንገድ የሚሰማኝ ድርብ ነው። እግረኛው ሰፊ መሄጃ አግኝቷል፤ ልጅ የሚገፉ እናቶችና በምርኩዝ የሚሄዱ ሰዎች ከመኪና ጋር መጋፋቱ ቀርቶላቸዋል፤ ማታ መብራት አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በጭቃ ውስጥ ለኖርን ሰዎች ክብር ነው። በዚያው ልክ ጠዋት ጠዋት ሻይ የምትሸጥልን ሴትዮ ከቦታዋ ተነሣች። የታክሲው ሰልፍ ጎን ቴርሞስና አንድ ሳፋ ጳስቲ ይዛ ትቀመጥ ነበር፤ ረቡዕና አርብ፣ በዐቢይ ጾምም ቢሆን የሚበላ ነገር አይጠፋትም፤ ገንዘብ ያልያዘ ተማሪ ካየች «ነገ ታመጣለህ» ብላ ትሰጣለች። አሁን ሰልፉ ንጹሕ ድንጋይ ላይ ይቆማል፣ ሆዱ ግን ባዶ ነው። የመንገዱ ንድፍ ሲሠራ ለአበባው ቦታ የተገኘለትን ያህል ለእሷ አንድ ትንሽ ኪዮስክ፣ ለሰልፉም አንድ መጠለያና አግዳሚ ወንበር ቢታሰብለት ምን ይጎድል ነበር? ከተማን ውብ የሚያደርገው ሰው ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆዱ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሻይ ይፈልጋል። ሴትዮዋን ቆይቼ ውስጥ ለውስጥ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ገበያዋ እንደ ድሮው አይደለም። አሁን እዚያ ድረስ ዞሬ እጠጣለሁ፤ ባልደረቦቼንም አዞራቸዋለሁ።

ከእስጢፋኖስ በኋላ ባቡሩ በድልድዩ ላይ ሆኖ መስቀል አደባባይን ሲያልፍ ከወንበር የሚነሣ ሰው አለ፤ ሯጮቹን ለማየት ነው። ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ፣ አንድ እርከን ከፍ እያሉ እየተመለሱ ይሮጣሉ፤ ላባቸው በብርዱ ውስጥ ይተናል። ወጣቶቹ በቡድን፣ ሸበቶዎቹ ብቻቸውን። ልብስ የቀየሩ አሉ፣ የሥራ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው የሚሮጡም አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እዚህ የሮጠ ሳንባ ቆላ ሲወርድ እንዴት እንደሚቀለው ለተማሪዎቼ የማስረዳው እነዚህን ሰዎች አስቤ ነው። ስታዲየም ሳንደርስ ከቃሊቲ የሚመጣው መስመር ይቀላቀለናል፤ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ እያልን ልደታ እንደርሳለን። ያ ክፍል ሁልጊዜ መጨናነቅ ስለሆነ የማየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ዘንድሮ የካርታ ትምህርቱን በሌላ መንገድ ጀመርኩት። ረዳቱን ተማሪዬን ለታክሲ ተራ ስጠብቅ ደጋግሜ ስለማገኘው አንድ ቀን ነጭ ወረቀት ሰጠሁትና «የምትሄድባቸውን መስመሮች ሥልልኝ» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ «ቲቸር፣ እኔና ካርታ!» አለ። በሦስተኛው ቀን ሲያመጣው አራት ወረቀት በፕላስተር ተያይዟል። ሰሜን የቱ እንደሆነ አላመለከተም፣ መስፈርትም የለውም። ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚሞላው ቦታ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበት በቀይ፣ ተሳፋሪ የሚበዛበት ሰዓት በጎኑ ተጽፏል። ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ያለውን ርቀት የለካው በሜትር ሳይሆን በደቂቃ ነው፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ቁጥር ሰጥቶታል፣ አንዱ የጠዋት ሌላው የማታ። እንዲህ ያለ ካርታ መምህራን ማሠልጠኛም ዩኒቨርሲቲም አላስተማሩኝም።

ክፍል ይዤው ገባሁ። የማን ሥራ እንደሆነ፣ ከየትኛው ወንበር እንደተነሣ፣ ፈተናውን እንዳላለፈ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከዚያ ስህተቱን ሳይሆን የጎደለውን እንዲሞሉለት ጠየቅኋቸው፤ ሰሜንን አመልክተው፣ በ1፡50,000 ካርታው ላይ ርቀቱን በማስመሪያ ለክተው በሜትር እንዲጽፉበት። ለሁለት ሳምንት ሠሩበት። አንድ ልጅ የረዳቱን የጠዋት ደቂቃ በኪሎ ሜትር አካፍሎ መኪናው በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም እንደማይፈጥን አገኘና እጁን እያውለበለበ ጮኸ፤ ደወሉ ተደውሎ እንኳን ክርክሩ አልቆመም። ያስተካከሉትን ግልባጭ ለተማሪዬ ስወስድለት ታክሲው ውስጥ ዘርግቶ ለሾፌሩ አሳየው። ወዲያው ደግሞ እስክሪብቶ ፈለገ። «ቲቸር፣ ይህች መንገድ እኮ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሆናለች» ብሎ ቀስት ጨመረባት።

ካርታው አሁን ክፍላችን ግድግዳ ላይ ነው። ደቡቡ ገና ባዶ ነው፤ እሱ ወደ ጀሞና ወደ ለቡ አይሠራም። በሞተር ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ ግን ያንን ሁሉ እንደሚያውቀው ነግሮኛል፤ የፊታችን ሐሙስ ወረቀቱን እሰጠዋለሁ።